ለዓባይ በረሃ መንገድ ጥገና ኃላፊዎች፦ ከአስፋልቱ በፊት ውሃው ይታሰብ

ለጎሃ ጽዮን–ደጀን መንገድ ጥገና ኃላፊነት ላለበት መሥሪያ ቤት

ጉዳዩ፦ የዓባይ በረሃ መንገድ በየክረምቱ ስለሚደርስበት መንሸራተትና ስለ ጥገናው አካሄድ

ክቡራን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም፣ ከጎጃምም ወደ አዲስ አበባ ጭነት የምናመላልስ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎችና ረዳቶች ነን። ለመጻፍ ያነሣሣን ባለፈው ክረምት የተንሸራተተው የመንገዱ ክፍል እንደ ወትሮው በገረገንቲ ተሞልቶ፣ በላዩ ሬንጅ ፈስሶበት፣ «መንገዱ ተጠግኗል» ከተባልን በኋላ ሌላ ክረምት እንኳ ሳይገባ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ መስጠሙ ነው። በቃል ያመለከትንባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው፤ የተሰጠን መልስ ግን ሁልጊዜ «ክረምቱ ይውጣ» የሚል ስለነበረ፣ በዚህ ጊዜ ነገሩን በጽሑፍና በግልጽ ለማቅረብ ተስማምተናል።

መንገዱ አጭር ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በዚህች ርቀት ውስጥ መኪና ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ዓባይን ይሻገራል፣ ያንኑ ያህል ደግሞ መልሶ ይወጣል። የጎጃም ጤፍ ወደ አዲስ አበባ፣ ነዳጁ፣ ብረቱና የፋብሪካው ዕቃ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው በዚህ በኩል ነው። መንገዱ ሲዘጋ ያለው ምርጫ በነቀምትና በቡሬ መዞር ነው፤ ነቀምት ለመድረስ ብቻ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ስለሚያስፈልግ፣ ለተጫነ ተሳቢ ይህ ምርጫ ነው ለማለት ይከብዳል።

የዚህ መሻገሪያ ታሪክ ከመኪናም የቀደመ ነው። ሲራራ ነጋዴው ሸፋርታክ በሚባለው ሥፍራ አጋሰሱን እየነዳ በበጋ ይሻገር ነበር፤ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ሸዋና ጎጃም ውሃው እስኪጎድል ተለያይተው ይከርሙ ነበር። ለመኪና የተጠረገው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1933 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ዓባይን የተሻገሩት በዚሁ አቅጣጫ ነው። በ1940 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው ባለ ቅስት የኮንክሪት ድልድይ 60 ዓመት ያህል ይህን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ ኖሯል። እኔ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ በረዳትነት ሥራ የጀመርኩት በዚያ ድልድይ ዘመን ነው፤ ጥበቃው የጠበቀ፣ ፎቶ ማንሣት የተከለከለበት፣ ከባድ መኪና አንድ በአንድ ብቻ የሚያልፍበት ድልድይ ስለነበረ፣ ተራችን እስኪደርስ በዚያ ሙቀት ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠን እንጠብቅ ነበር። በ2000 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ሲከፈት ያ ወረፋ ቀረልን። ከዚያ ወዲህ ስለ ድልድዩ የምናቀርበው አቤቱታ የለንም፤ አቤቱታችን ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ስላለው ቁልቁለትና ዳገት ነው።

የመጀመሪያውና ዋናው ቅሬታችን መንሸራተቱን ይመለከታል። በረሃውን በቀን የወረደ ሰው በመስኮቱ ሊያየው እንደሚችለው፣ ገደሉ አናት ላይ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይከተላል፤ ዝቅ ሲል ነጭ ጀሶ ከሸክላማ አፈር ጋር ተደራርቦ ይታያል፤ ወንዙ አጠገብ ደግሞ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ያንን የጀሶና የሸክላማ አፈር ድርብርብ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ራሱን በጎሃ ጽዮን ስም እንደሚጠሩት ከእነርሱው ሰምተናል። ከላይ የተናደው ድንጋይና አፈር በዚህ ለስላሳ ንብርብር ላይ ተከምሮ ይቀመጣል፤ ክረምት ሲገባ ውሃው ክምሩን ዘልቆ ሸክላው ጋ ይደርስና ያሟልጨዋል፤ ከዚያ በኋላ ተራራው ከነተሸከመው መንገድ ቀስ እያለ ወደ ወንዙ ይሄዳል። እኛ ይህን የምናውቀው ተምረነው ሳይሆን በመሪያችን ነው። ዛሬ ቀጥ ብሎ የነበረ አስፋልት ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንመለስ ወደ ገደሉ አፍ ዘንበል ብሎ፣ መካከለኛው መስመር ተሰብሮ እናገኘዋለን።

በ2002 እና በ2004 ዓ.ም. መካከል የጃፓን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆነው በዚሁ በረሃ የመሬቱን መንሸራተት አጥንተዋል። ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ የምድሩን እንቅስቃሴ የሚለኩ መሣሪያዎች ሲተክሉ እኛም እያለፍን አይተናል፤ አንዳንዶቻችን ዕቃቸውን ጭነናል። ስለዚህ የበሽታው ምክንያት አልታወቀም ሊባል አይችልም። እኛን የሚያሳዝነን፣ ምድሩ ከሥር እንደሚሄድና የሚያስኬደውም ውሃ እንደሆነ እየታወቀ፣ በየዓመቱ የምናየው ሕክምና ግን ከላይ የሚደፋ አፈርና ሬንጅ ብቻ መሆኑ ነው። የሰጠመ ቦታ ላይ ገረገንቲ መድፋት ለሚንሸራተተው ምድር ተጨማሪ ሸክም መጫን እንደሆነ፣ የመንገድ ሥራ ያልተማርነው እኛ እንኳ በየዓመቱ ውጤቱን አይተን ተረድተነዋል። ገረገንቲው በተደፋ በሚቀጥለው ክረምት ከቀድሞው የበለጠ ይሰጥማል፤ ከዚያ ደግሞ የበለጠ ገረገንቲ ይመጣል።

ሁለተኛው ቅሬታችን ከዚህ የማይለይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን ብናቀርበው አይከፋችሁ። ባለፈው ሐምሌ ከደጀን ጤፍ ጭኜ በሌሊት ስወርድ፣ ከአንድ መታጠፊያ በላይ ያለው የውሃ ቱቦ አፉ በድንጋይና በቁጥቋጦ ተደፍኖ፣ ጎርፉ ቦዩን ትቶ በመንገዱ መካከል ሲወርድ አገኘሁት። ውሃው አስፋልቱን ተሻግሮ የሚገባው ከገደሉ በኩል በቁመቱ በተሰነጠቀው ስንጥቅ ውስጥ ነበር፤ ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ ስፋት ነበረው፤ የሚገባው ውሃ ግን ከታች በየት እንደሚወጣ አይታይም ነበር። መኪናዬን ከተራራው በኩል አስጠግቼ አቆምኩ፤ ረዳቴና እኔ በአንድ አካፋና በአንድ ዲጂኖ ከአንድ ሰዓት በላይ ሠርተን የቱቦውን አፍ ከፈትነው። ውሃው ወዲያው ወደ ቱቦው ተመለሰና መንገዱ ደረቀ። ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ሥራ ያስቆሙት ውሃ ስንት ሌሊት በዚያ ስንጥቅ ሲገባ እንደከረመ ግን አናውቅም። በነሐሴ መጨረሻ የሰጠመው ቦታ ከዚያው ሥር ነው።

እኔ ረዳት በነበርኩበት ጊዜ አካፋና መጥረጊያ ይዘው ቦይ የሚጠርጉ፣ የወደቀ ድንጋይ የሚያነሡ፣ ስንጥቅ በሬንጅ የሚደፍኑ ሰዎችን በዚህ መንገድ ላይ በየጊዜው አገኝ ነበር። ከአካባቢው የተቀጠሩ፣ ከየትኛው ቱቦ ምን ዓይነት ውሃ እንደሚመጣ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ጎርፍ ሲበዛ በእጃቸው ምልክት እየሰጡ ያስቆሙንም ነበር። ዛሬ በክረምት በሌሊትም በቀንም ስናልፍ እንዲህ ያለ ሰው አናይም። ማሽን የሚመጣው መንገዱ ከሰጠመ በኋላ ነው። ለእኛ እንደሚታየን በሰኔ አንድ ቦይ መጥረግ በጥቅምት ግሬደር ከማስወጣት እጅግ ያነሰ ወጪ ነው፤ ስሌቱን ግን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛው ቅሬታችን መንገዱ ሲዘጋ የሚነግረን ሰው አለመኖሩ ነው። ባለፈው ነሐሴ አንድ ባልደረባችን ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ይሄድ ነበር። ጎሃ ጽዮን ላይ ምሳ በልቶ፣ ጎማውን ፈትሾ፣ መንገዱ ክፍት ነው ብሎ ወረደ። ፍልቅልቅን አልፎ ጥቂት እንደሄደ የቆሙ መኪኖች ጅራት ላይ ደረሰ። በሰጠመው ቦታ የቀረው መተላለፊያ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ነበርና፣ ከታች ሲወጣ የነበረ ተሳቢ በዚያ ዘንበል ባለው ጥግ ላይ ወድቆ ዘግቶት ኖሯል። ከኋላው ሌሎች ስለደረሱ ወደ ኋላ መመለስም፣ መዞርም አልቻለም። ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ቆመ። የበረሃው ሙቀት ከክረምቱ እርጥበት ጋር ሆኖ ሽንኩርቱን ከሥር ጀምሮ አበላሸው፤ ባሕር ዳር ሲደርስ ከጭነቱ እኩሌታው ተጣለ፤ የተጣለው ዋጋም ከእርሱ ክፍያ ላይ ተቆረጠ። ይህ ሰው አምስት ልጆች የሚያሳድግ ነው። መንገዱ የተዘጋው እርሱ ጎሃ ጽዮን ምሳ ከመብላቱ ከሦስት ሰዓት በፊት ነበር፤ ከላይ አንድ ሰው ቆሞ «አትውረዱ» ቢለው ኖሮ ቢያንስ በደጋው አየር ያድር ነበር። በዚያው ሰልፍ ውስጥ ሕዝብ የጫኑ አውቶቡሶች ስለነበሩ፣ ሕፃናት የያዙ እናቶች የሚጠጣ ውሃ ሲለምኑ ማየቱ ከሽንኩርቱ ይልቅ እንደከበደው ነግሮናል።

አራተኛው የፍሬን ጉዳይ ነው። ይህን ቁልቁለት የምንወርደው በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ነው፤ አዲስ አሽከርካሪም መጀመሪያ የምናስተምረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከፊት ያለው መኪና ሲቆም፣ ድንጋይ ሲወርድ፣ የሰጠመውን ቦታ ለማለፍ ተራ ሲጠበቅ፣ የተጫነ መኪና ፍሬን ሳይዝ መቆም አይችልም። ደጋግሞ የተያዘ ፍሬን ይግላል፤ የጋለ የፍሬን ሸራ አይዝም። እኔ ራሴ ከደጀን ስወርድ ከኋላ ጎማ ጭስ ሲወጣ ረዳቴ ጮኾ ነግሮኝ፣ ፍሬኑን ብረግጠው እምቢ ስላለኝ መኪናውን ከተራራው ግንብ ጋር እያፋተግሁ አቁሜዋለሁ። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ታኮ ባያገባልኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው በጻፈው ነበር። በዚያ ሁሉ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የጋለበት መኪና እስኪበርድለት ከመንገዱ ወጥቶ የሚያርፍበት ሰፊ ሥፍራ፣ ፍሬን እምቢ ያለውም የሚገባበት ሽቅብ የወጣና በአሸዋ ወይም በጠጠር የተሞላ ማምለጫ ልናገኝ አልቻልንም። ገደሉን የሚከልለው ብረት በብዙ ቦታ ተገጭቶ ተነሥቷል፤ የተተካው በኖራ በተቀባ ድንጋይ ነው፤ ኖራው ደግሞ በአንድ ክረምት ይታጠባል። ስለ ምልክቶቹ ብዙ አንልም፤ አብዛኞቹ ደብዝዘዋል፣ በጉም ጊዜም አይታዩም።

በዚህ አጋጣሚ የራሳችንንም ጥፋት ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ከተፈቀደው በላይ የሚጭን መኪና ከእኛ መካከል አለ፤ ያ ጭነት አስፋልቱንም፣ ፍሬኑንም፣ የባልደረባውንም ሕይወት ይጎዳል። ጎማ ቀይሮ ታኮ ያደረገውን ድንጋይ መካከል መንገድ ላይ ትቶ የሚሄድም አለ፤ በሌሊት ያ ድንጋይ ለሌላው ሞት ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ በመካከላችን መነጋገር ጀምረናል፤ ከትርፍ ጭነት ጋር በተያያዘ የሚወሰደውን ቁጥጥርም አንቃወምም። ሆኖም ለመንገዱ መስጠም «የጭነት መኪና ነው» የሚለውን ምክንያት ብቻውን አንቀበለውም፤ ምክንያቱም ያው መኪና፣ ያው ጭነት፣ ከጎሃ ጽዮን በፊት ባለው ሜዳና ከደጀን በኋላ ባለው ሜዳ ላይም ያልፋል፤ እዚያ ግን መንገዱ ከነተሸከመው መሬት አይሄድም።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው። ከሁሉ አስቀድሞ፣ የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ፣ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ቦይና ቱቦ በሙሉ ተጠርጎ፣ በአስፋልቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ሁሉ በሬንጅ እንዲደፈን እንጠይቃለን። ይህ ትልቅ ፕሮጀክትና ረጅም ጨረታ የማይፈልግ ሥራ ስለሆነ፣ ለመዘግየቱ ምክንያት ይኖራል ብለን አናምንም። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ከፍልቅልቅ፣ ከኩራርና ከአካባቢው ቀበሌዎች የተቀጠሩ ቦይ ጠራጊዎች መንገዱን ተከፋፍለው በቋሚነት እንዲጠብቁ፣ ጎርፍ ወይም ስንጥቅ ሲያዩ የሚደውሉበት ስልክ እንዲሰጣቸው እንለምናለን። እነዚህ ሰዎች በረሃውን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ መንገዱ ሲዘጋ ገበያቸውም ይዘጋልና ከማንም ይልቅ ይጠነቀቁለታል።

በሚንሸራተቱት ቦታዎች ላይ ገረገንቲ ከመድፋት በፊት ከመሬቱ ሥር ያለውን ውሃ የሚያወጣ ሥራ እንዲሠራ፣ ቀድሞ የተደረገው ጥናት የመከረውም ምን ያህሉ እንደተፈጸመና ምን ያህሉ እንደቀረ ለመንገዱ ተጠቃሚና ለሁለቱ ከተሞች ነዋሪዎች በግልጽ እንዲነገር እንጠይቃለን። ተተክለው የነበሩት መለኪያዎች ዛሬም የሚያነባቸው ሰው ካለ፣ ምድሩ ሲፈጥን ማስጠንቀቂያው ለእኛም ይድረሰን።

መንገዱ በተዘጋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጎሃ ጽዮንና ደጀን ላይ ሰው ቆሞ መኪና እንዳይወርድ የሚያስቆምበት ሥርዓት ይበጅ፤ ለዚህ አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ስልክና አንድ መዝጊያ እንጨት በቂ ነው። የወደቀ መኪና የሚያነሣ ክሬንም በክረምቱ ወራት ከሁለቱ ከተሞች በአንዱ እንዲቆም እንጠይቃለን፤ ዛሬ ክሬን የሚመጣው ከሩቅ ስለሆነ ሰልፉ የሚያድረው እርሱን ሲጠብቅ ነው። በሁለቱም ቁልቁለቶች ላይ የፍሬን ማብረጃ ማረፊያና ቢያንስ አንድ አንድ ማምለጫ እንዲሠራ፣ የተነሡት የገደል መከላከያ ብረቶችም እንዲተኩ እናሳስባለን። ማምለጫው የት ቢሆን ይሻላል የሚለውን ለመምረጥ ከባለሙያዎቻችሁ ጋር በእግራችን ወርደን ልናሳይ ፈቃደኞች ነን፤ ፍሬን በየትኛው መታጠፊያ እንደሚግል የምናውቀው እኛ ነን።

ለዚህ ደብዳቤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን፣ መልሱም በጎሃ ጽዮንና በደጀን መናኸሪያዎች ሁሉም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ እንዲለጠፍ እንጠይቃለን። ቦይ የሚጠረግበት ቀን ከተነገረን፣ በዚያ ቀን ከየመኪናችን አንድ አንድ አካፋ ይዘን እንገኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ከአዲስ አበባ በጎሃ ጽዮንና በደጀን አልፎ እስከ ባሕር ዳር ባለው መስመር የሚሠሩ የከባድ ጭነት መኪና አሽከርካሪዎችና ረዳቶች